እናቴ ሳታውቅ ደርሼ እመለሳለሁ

ሰላም እትዬ፣ እንደምን አሉ? ዓምድዎን ጎንደር እያለሁ ጀምሮ ነው የማነበው፣ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። 26 ዓመቴ ነው፣ ሳሙና በር አካባቢ ነው ተወልጄ ያደኩት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ህብረተሰብ ጤና ተምሬ ከተመረቅኩ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ስፈልግ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ስቆም ከርሜ ባለፈው ሐምሌ ለአንድ ዓመት በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ኡጋንዳ መጣሁ። ያለሁት ጂንጃ ነው፣ ነጩ አባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣበት ከተማ። ከከተማው ወጣ ባሉ መንደሮች ላሉ ታዳጊ ሴቶች ስለ ንፅህና፣ ስለ ወር አበባ፣ ስለ ወባ ምናምን አስተምራለሁ። 14 ልጆች ያሉበት ቋሚ ክበብ አለኝ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ነው የምንገናኘው።

አሁን ዘጠኝ ወር ሞላኝ፣ ኮንትራቴ የሚያልቀው ሰኔ መጨረሻ ነው። ሥራው ግን እንደ መጀመሪያው አይደለም። የበፊቷ አስተባባሪያችን ከለቀቀች ወዲህ የትራንስፖርት ገንዘብ ይዘገያል፣ አንዳንድ ሐሙስ በራሴ ብር ቦዳ ቦዳ (የሞተር ሳይክል ታክሲ) ይዤ ነው የምሄደው፣ ከቢሮ የሚጠይቁኝ ግን ሪፖርት ብቻ ነው። ሰልችቶኛል፣ ብዋሽ ምን ያደርግልኛል።

አብራኝ የምትኖር የማላዊ ልጅ አለች፣ እሷም በጎ ፈቃደኛ ናት። ታህሳስ ላይ ወባ ይዞኝ ሳቃስት ሦስት ሌሊት ሳትተኛ ግንባሬ ላይ እርጥብ ጨርቅ እየቀያየረች ያስታመመችኝ እሷ ናት። የእሷ ኮንትራት ሚያዝያ መጨረሻ ያልቃል፣ የምትመለሰውም በየብስ ነው። ከካምፓላ ታንዛኒያ ገብታ ምዋንዛ፣ ከዚያ ዳሬሰላም፣ ከዚያ ታዛራ በሚባለው ባቡር እስከ ምቤያ፣ ከዚያ ድንበር ተሻግራ ሰሜን ማላዊ ምዙዙ፣ እናቷ ቤት። አብረሽኝ ነይ፣ የጎደለሽን እኔ እሞላለሁ፣ እናቴ ጋ እንደ ልጅ ትቀመጫለሽ አለችኝ።

እናቴ የምትጠብቀኝ ሰኔ መጨረሻ ነው። ሚያዝያ መጨረሻ ብነሳ፣ ማላዊ ትንሽ ብቆይና ከሊሎንግዌ በአየር መንገዳችን ብመጣ እዛው ሰኔ መጨረሻ ላይ ጎንደር እደርሳለሁ። እናቴ ሳታውቅ ደርሼ እመለሳለሁ ማለት ነው። ብነግራት በጭንቀት ትሞታለች። ደሞ ጎንደር ከገባሁ በኋላ ቤት ቁጭ ነው፣ እንዲህ ያለ ዕድል ተመልሶ አይመጣም። ልጆቹስ ግን? ኮንትራቱስ? ምን ላድርግ እትዬ?

ሁለት ልብ ነኝ፣ ከጂንጃ

*

እታለም፣ ሰላምሽ ይብዛ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቅዳሜ ነው፣ ግን እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቡናው እስኪፈላ ነው ረጋ ብዬ ያነበብኩት፣ ማታ ደሞ ደገምኩት። ቁጣ ጠብቀሽ እንደጻፍሽው ያስታውቃል፣ ገና ሳትናገሪ ነው ይቅርታ የምትጠይቂው። ምኑ ያስቆጣል? ባንቺ ዕድሜ ማላዊ ነይ የሚለኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ነጠላዬን እንኳ አጣፍቼ የምወጣ አይመስለኝም።

ያ ጥፋተኝነት ከየት እንደመጣብሽ ግን ይገባኛል። እኛ ጋ ሴት ልጅ ከቤት የምትወጣባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው፣ ለትምህርት፣ ለትዳር፣ ላረብ አገር ሥራ፣ ሲብስ ደሞ በመተማ በኩል። ዝም ብሎ አገር ለማየት፣ ባቡር ለመሳፈር፣ የጓደኛን እናት ለመተዋወቅ ብሎ መውጣት ስም የለውም። ስም ያለው ጉዞ ንግሥ ብቻ ነው፣ መስከረም 21 ግሸን፣ ለገና ላሊበላ ሲሆን እግር እስኪላጥ ቢኬድም ማንም ምን ልታደርጊ አይልሽም። አንቺ ያማረሽ ስም ያልወጣለት ጉዞ ነው፣ ስለዚህ ስርቆት ስርቆት ይመስልሻል። አይደለም እህቴ። ዘጠኝ ወር ሰው አገር ሠርቶ ትንሽ ዞር ልበል ማለት የጤነኛ ሰው ሀሳብ ነው።

ባቡሩን ደሞ ባታነሺብኝ ጥሩ ነበር። ቻይናዎች እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1975 የሠሩት መስመር ነው፣ ከዳሬሰላም ዛምቢያ ካፒሪ ምፖሺ ድረስ 1,860 ኪሎ ሜትር፣ መሀል ላይ የዱር አራዊት ፓርክ አቋርጦ ስለሚያልፍ በመስኮት ዝሆንና ቀጭኔ የሚታይበት። ጎንደር ተወልዶ ላደገ ሰው፣ ባቡር በፊልም ብቻ ለሚያውቅ ሰው፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ልብሽ ቢነሳ አልፈርድብሽም።

አሁን ግን ወደ መንገዱ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እከብድሻለሁ። አንድ አውቶቡስ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ አንድ ሮሌክስ ለሁለት ብትበሉ እንኳ (ቻፓቲ በእንቁላሉን ነው፣ ሰዓቱን አይደለም) መንገዱ ለሁለታችሁ አንድ አይሆንም። ለእሷ ወደ ቤቷ መግቢያ ነው። ላንቺ ግን፣ ፓስፖርትሽ ላይ ኢትዮጵያ ተብሎ ለተጻፈብሽ፣ ሌላ ታሪክ ያለው መንገድ ነው። ከሞያሌ ተነስቶ በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወርደው የደላላ መስመር እኮ በዚያው በምቤያና በማላዊዋ ካሮንጋ በኩል ነው። ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ ስንቱ ወጣት ሄዶበታል፣ ስንቱ ታንዛኒያ እስር ቤት ከርሟል። መጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰው ታፍኖ ሞቶ የተገኘው ከማላዊ ተሻግሮ ሲገባ ነው። ጥቅምት 2015 ደሞ እዚያው ሰሜን ማላዊ፣ ምዚምባ የሚባል ቦታ የጅምላ መቃብር ሲገኝ የኛው ልጆች ናቸው ተባለ። እናትሽ ይሄን በሬዲዮ ሰምታዋለች፣ ባትሰማ ጎረቤት ነግሯታል።

ላስፈራራሽ አይደለም። አንቺ በደላላ አልሄድሽ፣ ኮንቴይነር ውስጥ አልገባሽ። ግን ሌሊት ምቤያ አጠገብ አውቶቡስ አስቁሞ በባትሪ ፊት ለፊት የሚያየው ፖሊስ ይሄን በምን ያውቃል? እሱ የሚያየው አንዲት ወጣት ኢትዮጵያዊት ወደ ደቡብ ስትወርድ ነው። ጓደኛሽ ከጎንሽ ሆና በስዋሂሊም በእንግሊዝኛም ብትምልልሽ ዋናው ነገር እጅሽ ላይ ያለው ወረቀት ነው። ስለዚህ ይሄን ጉዞ ዛሬም ሆነ ሌላ ጊዜ ብትሄጂው የታንዛኒያም የማላዊም ቪዛ ቀድሞ ያለቀ፣ በወረቀት የታተመ፣ የመመለሻ ትኬቱ የተቆረጠ፣ የምታርፊበት ቤት አድራሻ የተጻፈ መሆን አለበት። ድንበር ላይ ይሰጡሻል የሚል ወሬ ስንቅ አይሆንም። ደሞ ጓደኛሽን አትጠይቂያት፣ እሷ የምታውቀው የራሷን ፓስፖርት ነው። ራሳቸውን ኢሚግሬሽኖቹን ጠይቂ፣ ካምፓላ ያለው ኤምባሲያችንም ጎራ በይ፣ ስለ መስመሩ ያልሰማሽውን ሊነግሩሽ ይችላሉ።

አንድ ነገር ደሞ አለ፣ በደብዳቤሽ ጨርሶ ያላነሳሽው። ኡጋንዳ የምትኖሪበት ፈቃድ በማን ስም ነው የወጣው? በድርጅቱ ከሆነ ኮንትራቱን ያቋረጥሽ ቀን ፈቃዱስ ምን ይሆናል? የመመለሻ ትኬትሽንስ ማን ነው የገዛው፣ ቀድመሽ ብትወጪ ይቃጠላል ወይስ ቀኑ ይቀየራል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ነገ ጠዋት ቢሮ ገብተሽ ጠይቂ፣ እለቃለሁ አትበያቸው፣ ለማወቅ ያህል ነው በያቸው።

እሺ፣ እኔን ግን ከፖሊሱም ከቪዛውም በላይ ያስጨነቀችኝ ያቺ "ሳታውቅ" ያልሻት ቃል ናት። ስሌቱ በጣም ያምራል እኮ፣ ሚያዝያ መጨረሻ ወጥቶ ሰኔ መጨረሻ መግባት፣ እናት የማታውቀው፣ ማንም የማይጎዳበት። ግን እስቲ አስቢው። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ቢበላሽና ሁለት ቀን ስልክሽ ቢዘጋ፣ ያ ወባ ተመልሶ ምቤያ ሆስፒታል ቢያስተኛሽ፣ እናትሽ የምትደውለው ጂንጃ ነው። ጂንጃ ያሉት ደሞ ከወር በፊት ለቃለች ይሏታል። ያቺን ሰዓት ነው የማስበው፣ ከወር በፊት ለቃለች የሚለውን ስትሰማ፣ ስልኩን እንደያዘች። መንገዱ ላይ ምንም ባይደርስብሽ እንኳ ከዚያ በኋላ የምትነግሪያትን አንዱንም አታምንሽም። ከጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አድጎ ለወጣ ሰው ወባ ቀልድ አለመሆኑን ደሞ አንቺ ለኔ ታስተምሪኛለሽ እንጂ እኔ ላንቺ አልነግርሽም።

በጭንቀት ትሞታለች ያልሽው... አላውቅም። ያለንበትን ታውቂዋለሽ፣ እዚህ አሁን ከአዘዞ ወዲያ ለመሄድ እንኳ ሰው ሁለቴ ያስባል፣ ልጅ አምሽቶ ከገባ ቤቱ ሁሉ በር ላይ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ልጇን ሰው አገር ልካ ዘጠኝ ወር የቻለች ሴት አንቺ ከምታስቢው በላይ ጠንካራ ናት። ምናልባት የፈራሽው ሞቷን ሳይሆን እምቢታዋን ይሆን? እሱም ያው ፍርሃት ነው፣ ግን ለየብቻቸው ብታያቸው ጥሩ ነው።

ስለ ልጆቹ ልጆቹስ ግን ብለሽ በሁለት ቃል አልፈሻቸዋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፣ እኔም አንድ ጊዜ እንደዛ አልፌያቸው ስለማውቅ ነው። በ1987 ደምቢያ ውስጥ ከቆላ ድባ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ጥር ላይ ወደ ጎንደር ዝውውር ደረሰኝ፣ ልጆቹ ሲያለቅሱ ማየት ፈራሁና ለማንም ሳልናገር ቅዳሜ ገና ሳይነጋ በገበያ መኪና፣ ጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ወጣሁ። ሰኞ ሌላ ሰው ይመደብላቸዋል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ከስንት ዓመት በኋላ ጎንደር መናኸሪያ አንድ ረጅም ተሸካሚ ሻንጣዬን ተቀብሎኝ ትከሻው ላይ ከሰቀለ በኋላ ዝም ብሎ አየኝ፣ አየኝና "መምህርት፣ እስክሪብቶሽን እኮ ሰኞ ይዤው መጥቼ ነበር" አለኝ። ያዋስኩት መሆኔን እንኳ ረስቼዋለሁ፣ አንድ ሰማያዊ ቢክ ነው። የተሸከመበትን አልቀበልም ብሎ ሄደ።

እና ያንቺ 14 ልጆች ሐሙስ ይመጣሉ። ሚያዝያ ሄድሽ ሰኔ ሄድሽ፣ ሐሙሱን ቀድመው ይወቁት። ከአምስት ስድስት ሐሙስ በፊት ቀኑን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያቸው፣ እመለሳለሁ ብለሽ ግን ቃል አትግቢ፣ ልጅ ይቆጥራል። ከመሀላቸው ከፍ ከፍ ያሉ ሁለት የሉም? አንቺ እያለሽ ሁለት ሦስት ሐሙስ እነሱ ይምሩት፣ አንቺ ኋላ ተቀመጪና እዪአቸው። ኡጋንዳ ደሞ ቪኤችቲ የሚሏቸው የመንደር ጤና በጎ ፈቃደኞች አሉ አይደል፣ እኛ ጋ የጤና ልማት ሠራዊት እንደምንላቸው ሴቶች ማለት ነው፣ የዚያችን መንደር ሴትዮ ይዘሽ ክበቡን አስተዋውቂያት፣ ቢሮሽ ቢረሳቸው እንኳ እሷ እዛው ናት። ይሄ ላንቺ አዲስ አይደለም፣ ዩኒቨርሲቲያችን በ1947 የህዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም ጀምሮ ተማሪ በቡድን አድርጎ ገጠር ጤና ጣቢያ ሲልክ የኖረ ነው፣ እናንተስ ቲቲፒ (ያ የቡድን ሥልጠና) ስትወጡ ህብረተሰቡን ሰብስባችሁ ያገኛችሁትን ሳትነግሩ ትወጡ ነበር እንዴ?

የትራንስፖርቱ ነገር ደሞ አበሳጭቶኛል፣ ያንቺን ብር እያወጣሽ የእነሱን ሪፖርት መጻፍ አግባብ አይደለም። ግን ይሄ የመልቀቂያ ምክንያት ከመሆኑ በፊት አንዴ በጽሑፍ ቅሬታ ይሁን። የሄድሽባቸውን ሐሙሶች ቀኑን ከነወጪው ዘርዝረሽ በኢሜል ላኪላቸው፣ በአፍ የተነገረ በአፍ ይቀራል። ሁለት ሳምንት ጠብቂ። መልስ ካልሰጡሽና እየባሰ ከሄደ ያኔ ቀድሞ መውጣት ሌላ ወሬ ነው፣ እኔም ሀሳቤን ልቀይር እችላለሁ። አንድ ጥያቄ ግን መልሺልኝ፣ ትራንስፖርቱ በሰዓቱ ቢገባልሽ ኖሮ ማላዊ ያምርሽ ነበር? አዎ ካልሽ ችግሩ ቢሮው አይደለም፣ ጓደኛሽ ስትሄድ ባዶ ቤት መቅረቱን ነው የፈራሽው። እሱ ደሞ በጣም የሚያስፈራ ነገር ነው፣ አይደለም አልልም።

ስለ ጓደኛሽ ስታወሪ ነው ጽሑፍሽ የሚሞቀው። ሦስት ሌሊት እርጥብ ጨርቅ የቀያየረችልሽን ልጅ እምቢ ማለት ይከብዳል፣ ውለታ እግር ያስራል። እሷ ግን ያን ጊዜ ያስታመመችሽ አንድ ቀን አብረሽኝ ትሄጃለሽ ብላ አይመስለኝም። ደሞ የጎደለሽን እሞላለሁ ያለችውን በደንብ ተነጋገሩበት፣ እሷም እንዳንቺ የበጎ ፈቃደኛ ኪስ ነው ያላት። መንገድ ላይ ስንት ወዳጅ በአንድ ሌሊት የሆቴል ሂሳብ ሲኮራረፍ አይቻለሁ መሰለሽ፣ ያውም ባህር ዳር ደርሶ ለመመለስ። ከሄድሽ የራስሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ብቻሽን ወደ ቤት የሚመልስሽ ገንዘብ ለብቻው፣ እሷም የማታውቀው ኪስ ውስጥ።

አሁን ወደዛች ልታሳልፊኝ ወደፈለግሻት ነገር ልመለስ። "ጎንደር ከገባሁ በኋላ ቤት ቁጭ ነው" ብለሻል። ደብዳቤሽን ሁለቴ ሳነበው ሁለቴም እዛች ላይ ነው የቆምኩት። ስለ ማላዊ ብዙ ጽፈሽ ስለ ጎንደር አንዲት መስመር። የሁለት ዓመቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው የሚታይሽ አይደል? ያው ሰሌዳ፣ ያው ፀሐይ፣ ያው "ልምድ ያለው" የሚል ወረቀት። እንግዲህ ልምድ የሚሉት ነገር አሁን እጅሽ ላይ ሊገባ ሦስት ወር ነው የቀረው። ታውቂያለሽ፣ እኛ አገር ማህተም የሌለው ልምድ ልምድ አይደለም። 12 ወር ሙሉ የሚል፣ ምን እንደሠራሽ የሚዘረዝር፣ ክብ ማህተም ያለበት የሥራ ልምድ ደብዳቤ እና በአሥር ወር አቋርጣለች የሚል ደብዳቤ ቅጥር ኮሚቴ ጠረጴዛ ላይ አንድ አይደሉም፣ ያውም ደብዳቤ ከጻፉልሽ ነው። እነዚህን ሦስት ወራት ለራስሽም ተጠቀሚባቸው፣ የክበቡን ሥራ በአምስት ስድስት ገጽ ጻፊው፣ ስንት ልጅ፣ ምን ተለወጠ፣ ምን አልሠራም። ለድሮ አማካሪ መምህርሽ ላኪለት፣ ሰኔ ላይ እመጣለሁ በይው። ዝም ብሎ ከመግባት የሚጠብቅሽ አንድ ቀጠሮ ይዞ መግባት ይሻላል፣ አንድ እንኳ ቢሆን።

እና እትዬ ቁርጡን ንገሪኝ ካልሽኝ፣ እኔ ብሆን ሚያዝያ ላይ ማላዊ አልሄድም። ዘንድሮ፣ በዚህ ጥድፊያ፣ እናት ሳታውቅ፣ አልሄድም። ግን ጓደኛዬንም በር ላይ ቻው ብዬ አልመልሳትም። እኛ እንግዳ ስንሸኝ እንዴት ነው? ከበር ወጥተን፣ ከአጥር አልፈን፣ በቃ ተመለሱ እየተባለ አስፋልት ድረስ አይደል? እንደሱ ሸኚያት። ከካምፓላ ወደ ምዋንዛ በቀጥታ ከምትሄድ በሩዋንዳ በኩል ትዙር፣ ካምፓላ ኪጋሊ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ማለዳ ተነስቶ ማታ የሚያስገባ አውቶቡስ ሞልቷል። ካባሌ ላይ ወርዳችሁ ቡንዮኒ ሐይቅ አንድ ሁለት ሌሊት እደሩ፣ ትንንሽ ደሴቶች ያሉት ነው፣ ጣና ትዝ ይልሽና ታለቅሻለሽ። ከዚያ በጋቱና ድንበር ኪጋሊ። ሩዋንዳ ለአፍሪካ ኅብረት አገር ዜጎች ቪዛ በነፃ ነው የምትሰጠው፣ ፌስታል ግን ሻንጣሽ ውስጥ እንዳይኖር፣ እዛ አገር የተከለከለ ነው፣ ድንበር ላይ ይወስዱብሻል። ከኪጋሊ እሷ በሩሱሞ በኩል ታንዛኒያ ትገባለች፣ አንቺ ተመልሰሽ ወደ ጂንጃ። አምስት ስድስት ቀን ፈቃድ ነው የሚፈጀው፣ ሐሙስን ከሐሙስ ካቻቻልሽው አንድ ሐሙስ ብቻ ነው የሚያልፍሽ። ከመውጣትሽ በፊት ግን የኡጋንዳው ፈቃድሽ ወጥቶ መግባት ይፈቅድ እንደሆነ አጣሪ፣ ካልፈቀደ ቡንዮኒ ላይ ተሳስማችሁ ተለያዩ፣ እዛ ድረስ ኡጋንዳ ነው።

ማላዊ ደሞ የትም አይሄድም። ሰኔ ላይ ኮንትራትሽን ጨርሰሽ፣ ደብዳቤሽን ይዘሽ፣ ጎንደር ገብተሽ እናትሽ አጠገብ ትንሽ ከርመሽ፣ ከፈለግሽ አንድ ቀን በአውሮፕላን ሊሎንግዌ ድረስ ትሄጃለሽ፣ ጓደኛሽ ከነእናቷ ኤርፖርት ትቀበልሻለች። ባቡሩ ይቀርብኛል ካልሽ አዎ ይቀርብሻል፣ እሱን የማጽናናበት ነገር የለኝም።

ይሄን ሁሉ ሰምተሽ አይ፣ እሄዳለሁ ካልሽ ትልቅ ሰው ነሽ፣ ሂጂ። ያኔ ግን በሦስት ነገር እለምንሻለሁ። የድርጅቱን ቤት በደብዳቤ ልቀቂ፣ በመጥፋት አይሁን። ሁለቱንም ቪዛ ይዘሽ ውጪ፣ ሌሊት ድንበር አትሻገሪ። እናትሽ ትወቅ።

ለእናትሽ በቴክስት አትንገሪያት። እሁድ ከቤተክርስቲያን ስትመለስ፣ ብቻዋን ሳትሆን፣ ከተቻለ ከጎኗ ታናሽሽ ወይ አክስትሽ ባለችበት ሰዓት በቀጥታ ስልክ ደውይላት፣ ኔትወርኩን አትመኚው። ሀገሩን አታስቀድሚ፣ ጓደኛሽን አስቀድሚ፣ "እማ፣ ታህሳስ ላይ ታምሜ ነበር፣ አልነገርኩሽም፣ አንዲት የሰው አገር ልጅ አስታማኝ ተረፍኩ፣ አሁን ወደ አገሯ ልትመለስ ነው፣ ልሸኛት እፈልጋለሁ" በያት። ለምን ደበቅሽኝ ብላ ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ስለ ልጅቷ ትጠይቅሻለች፣ እናት አላት ወይ ብላ። ድርቆሽና በርበሬ የሚልክላት ሰው ብትፈልግ አትገረሚ።

የቢጫ ወባ ካርድሽን ፓስፖርትሽ ውስጥ ጨምረሽ በላስቲክ እሰሪው፣ ኡጋንዳ ስትገቢ የያዝሽው ያው እድሜ ልክ ያገለግላል፣ አዲስ ክፈዪ የሚልሽ ካለ እንዳትከፍይ። እና ከደወልሽላት በኋላ ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።